የኮንዶሚኒየማችንን የጋራ ህንፃ (ኮሙናሉን) ቀን ለሥራ፣ ከሰዓት ለቡና ልናደርገው አስበናል፤ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። የምንኖረው በየካ በኩል ባለ 20/80 ሳይት ነው፣ ጂ ፕላስ ፎር፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከእናቴና ከ6 ዓመት ልጄ ጋር። ሥራዬ ሂሳብ ነው፣ ለሶስት ትንንሽ ድርጅቶች ቤቴ ቁጭ ብዬ መዝገብ እይዛለሁ። ቢሮዬ የምግብ ጠረጴዛችን ነው፣ ምሳ ሲደርስ ላፕቶፑን አልጋ ላይ፣ ደረሰኞቹን ቁም ሳጥን ላይ አደርግና ስንበላ ደግሞ መልሼ እዘረጋለሁ። የወር መጨረሻ የቫት ማሳወቂያ ሲደርስማ ልጄን ቀኑን ሙሉ ዝም በል ስል ነው የምውለው፣ እሱ ልጅ ነው ምን ያድርግ፣ የት ሄዶ ይጫወት?

በኛ ብሎክ ብቻ ከቤት የሚሰሩ 7 ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ ፕሮግራመር ነው፣ ሁለቱ ለውጭ ድርጅት ድምፅ ወደ ፅሁፍ ይገለብጣሉ፣ አንዷ በኦንላይን አማርኛ ለዲያስፖራ ልጆች ታስተምራለች፣ ሌሎቹም እንደዛው። ግን ይሄን እንዴት እንዳወቅኩ ታውቃላችሁ? ባለፈው ክረምት መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሁላችንም ላፕቶፕና ቻርጀር ይዘን ታች ሱቁ ጋር ተገናኘን፣ ሱቁ ጄኔሬተር አለው። አምስት ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ከርመን እኮ ከደህና አደርሽ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ያን ቀን በርጩማ ላይ ተደርድረን ስንሰራ ዋልን፣ የሱቋ ባለቤት ቡና አፈላችልን፣ እውነቴን ነው በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን ሥራ የወጣልኝ ቀን የለም።

አሁን ወደ ነገሬ። ግቢያችን ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ኮሙናል አለ። ታች እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ከጀርባው ለበዓል ማረጃ፣ ላይ ደግሞ አዳራሽ። አዳራሹ ለቅሶ ሲሆንና ስብሰባ ሲኖር ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ቁልፍ ነው። በቅርቡ ማህበሩ ለመጋዘን ሊያከራየው ነው የሚባል ነገር ሰማን። እኔ ደግሞ የሚታየኝ እንዲህ ነው፣ ኮሙናል መጀመሪያ የተሰራው ለምንድነው? ቤት ውስጥ ለማይበቃ ነገር ነዋ። በግ ሳሎን አይታረድም፣ ድንኳን አራተኛ ፎቅ አይተከልም፣ ስለዚህ ለሁላችን አንድ ቦታ ተሰራ። ዛሬ ቤት ውስጥ የማይበቃው ነገር ሥራም ሆኗል። በቃ ይኸው ነው ሀሳቤ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መስሪያ፣ ከዚያ በኋላ የቡናና የልጆች ጥናት ቦታ ቢሆንስ? ጠቅላላ ጉባኤ በሶስት ሳምንት ውስጥ ነው። ምን ይዤ ልግባ?

ፀሐፊ የነበርኩ
እህቴ ጥሩ አስበሻል። እኔ በሌላ ሳይት ስድስት ዓመት የማህበር ፀሐፊ ነበርኩና የማውቀውን ልንገርሽ። የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 370/1995። በሱ መሰረት ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው፣ ኮሙናሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው፣ የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ማለት ነው፣ የኮሚቴው አይደለም። ኮሚቴው ያስተዳድራል እንጂ የፈለገውን አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ አግኚና ስለ ኪራይ የሚለውን አንብቢ፣ ብዙ ሰው ደንቡን አይቶት አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ጉባኤ ላይ በቃል ብቻ አትናገሪ። አንድ ገፅ ፅፈሽ ግቢ፣ ማን ይጠቀማል፣ ስንት ሰዓት፣ ቁልፍ ማን ጋር፣ የመብራት ማን ይከፍላል። ኮሚቴውን እንደ ጠላት አትዪው፣ እኔ ያኔ ኪራይ የምንፈልገው ለስግብግብነት አልነበረም፣ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ የሚሰራበት ብር ስለሌለ ነው። ሰው መዋጮ አይከፍልም፣ ጥበቃ ደሞዝ ይጠይቃል፣ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ይዞ ይመጣል፣ ምን ታደርጊያለሽ? እና የናንተ ሀሳብ ትንሽም ቢሆን ለማህበሩ ገቢ ካላሳየ ይወድቃል። ውሳኔው ደግሞ በቃለ ጉባኤ ይፃፍ፣ ካልተፃፈ በሚቀጥለው ኮሚቴ ይረሳል።

ተከራይ ነኝ
ይሄ የባለቤቶች የሚለው ነገር ሁሌ ያመኛል። እኛ ብሎክ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ሰው ተከራይ ነው፣ ባለቤቶቹ ሌላ ሰፈር ወይ ውጭ ሀገር ናቸው። የግቢ መዋጮ ሲሰበሰብ ተከራይ ነህ አትከፍልም አይሉኝም፣ ጉባኤ ስሄድ ግን ድምፅ የለህም ይሉኛል። ኮሙናሉን የሚፈልገው እዚያው የሚኖረው ሰው እኮ ነው። እባክሽ ወረቀትሽ ላይ ነዋሪ ብለሽ ፃፊ፣ ባለቤት አትበዪ። እኔ ለምሳሌ የምኖረው ስቱዲዮ ነው፣ ከአልጋዬ እስከ ምድጃው ሶስት እርምጃ ነው፣ ከኔ በላይ መስሪያ ቦታ የቸገረው አለ?

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ነዋሪ ነው የምለው። ከሰባታችን አራቱ ተከራይ ናቸው፣ ድምፅ ባይኖራቸው እንኳ ከየባለቤቶቻቸው የፅሁፍ ውክልና ቢያመጡ ይሆናል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

የብሎክ 9 አባት
ልጄ ነው የሚፅፍልኝ። አንቺ ልጅ፣ ሀሳብሽ መልካም ነው፣ አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኛ ከልደታ ቤታችን ሲፈርስ ነው ወደ ኮንዶሚኒየም የመጣነው። እዚያ ግቢያችን አንድ ነበር፣ በር ለበር ነበርን፣ እድሩ አርባ ዓመት ያለፈው ነው። እዚህ ስንመጣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ሌላ ቦታ ተበተነ። አዲሱ ቦታ ላይ እንደ ግቢ ያየነው ያንን ኮሙናል ብቻ ነው። ባለቤቴ ስታርፍ ሶስት ቀን እዚያ ተቀመጥን፣ ስሟን እንኳ የማላውቀው ሴት ከላይኛው ብሎክ ንፍሮ ይዛ መጣች፣ ዛሬ እንደ ልጄ ናት። እና እኔ የምፈራው ምን መሰለሽ፣ ሥራ የሚሰራ ሰው ፀጥታ ይፈልጋል። ፀጥታ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ አልቃሽ አይግባ፣ ልጅ አይግባ ይላል። ሰው ሲሞት ያ ኮምፒውተር ይነሳል ወይ? እሱን መልሺልኝ።

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
አባቴ ይነሳል። ባለቤትዎን ነፍስ ይማር። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የምፅፈው፣ ለቅሶ ከመጣ በዚያው ሰዓት ጠረጴዛው ይታጠፋል፣ ማንም አይጠየቅም፣ ማስጠንቀቂያም አያስፈልግም። እኛም በዚያን ቀን ሥራ አንሰራም፣ ድስት ነው የምናመላልሰው።

ኤሌክትሪሻኑ
የመብራቱን ነገር ሳታስቡ እንዳትገቡ። የእንጀራ ምጣድ አንዱ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይጎትታል። ሁለት ምጣድ አንዴ ከተሰካ ወደ 35 አምፒር ሊደርስ ነው። አዳራሹና መጋገሪያው በአንድ ብሬከር ከሆኑ ሁለተኛዋ ሴት ምጣዷን ስትሰካ የናንተ ስብሰባ ይቋረጣል፣ ከዚያ ጠብ ይነሳል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚሰራው ለላይኛው ፎቅ የራሱ መስመር ከዋናው ሳጥን መሳብ፣ የራሱ ብሬከር፣ ከተቻለም ትንሽ ቆጣሪ ውስጥ ለውስጥ ማስገባት ነው። ቆጣሪዋ ካለች ማን ስንት በላ የሚለው ክርክር አይኖርም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰው ሁሉ ጄኔሬተር ይላል። አያስፈልጋችሁም፣ ጩኸቱና ጭሱ ራሱ ያጣላችኋል። ሂሳቡን እዩት፣ ላፕቶፕ 50 ዋት ገደማ ነው፣ ስድስት ላፕቶፕ 300፣ ራውተርና የፋይበሯ ሳጥን ተደምረው 20 ዋት ቢሆኑ። አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የተለመደው የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፣ ከዚያ በላይ ከወረደ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ሁሉንም ብትሰኩበት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየው። ሊትየም ከሆነ ሶስት ሰዓት ገደማ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። የኔ ምክር፦ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፣ እሱን አትሸከሙ። ባትሪው ላይ ራውተሩን፣ ፋይበሯንና አንድ ሁለት አምፖል ብቻ ስቀሉ። ራውተሩ ብቻ ከሆነ ያው የአሲድ ባትሪ ቀንና ሌሊት ይይዝላችኋል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ላፕቶፑን ሞልቶ ይጠብቅ፣ እንደዛ ከለመዳችሁ ግማሽ ቀን አትቋረጡም። ባትሪውን ግን ከምጣዱ አርቁ፣ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን።

የማታ ሠራተኛ
ሰዓታችሁ ለኔ አይሆንም። አሜሪካ ካሉ ደንበኞች ጋር ነው የምሰራው፣ የነሱ ምስራቅ ዳርቻ ጠዋት ሥራ ሲጀምር እኛ ጋ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፣ በነሱ ክረምት ደግሞ 11። ሥራ የምጨርሰው ሌሊት 6 ወይ 7 ሰዓት ነው። ሚስቴና ህፃን ልጄ ተኝተው እኔ ሽንት ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ በሹክሹክታ ነው ስብሰባ የምገባው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው ጎረቤቴም ይሰማል። ለማታው ቢያንስ ሁለት ወንበር ብታስቡ። ጥበቃው እንደሆነ እዚያው ነው የሚያድረው፣ ሰው ነቅቶ መኖሩ ለሱም ጥሩ ነው፣ ባለፈው የውሃ ቆጣሪ ሲፈቱ ያየኋቸው እኔ ነኝ ጮሄ ያባረርኳቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ አፓርትማችን ውስጥ ከታች ለነዋሪ የተዘጋጀ ክፍል አለ፣ ጠረጴዛ፣ ፕሪንተር፣ ዋይፋይ ሁሉ ያለው። በኦንላይን ሁለት ሁለት ሰዓት ትይዣለሽ፣ ለድግስ ከሆነ መያዣ ገንዘብ ታስይዣለሽ፣ ካፀዳሽ ይመለስልሻል። ሲስተሙ ጥሩ ነው ውሰዱት። ግን እውነት ልንገራችሁ፣ አራት ዓመት እዚያ ክፍል ስሰራ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ስሙን አላውቅም ነበር፣ ሁሉም ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሀበሻ እህቶች ቡና ቆልተው የጭስ አላርሙ ጮኸ፣ ህንፃው በሙሉ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተዋወቅን። እና ቡናውን ከፕሮግራም ውጭ አታድርጉት፣ ሰዓት ስጡት። ደሞ ጣራው ላይስ ለምን አታስቡም፣ እዚህ ብዙ ህንፃ ጣራው መቀመጫ ነው።

ተከራይ ነኝ
ጣራው ቆርቆሮ ነው ወንድም፣ ዲሽ ነው የሞላበት። በረንዳውም ልብስ ነው። ያለን ኮሙናሉ ነው።

ነታንያ ያለሁ
እኔ እስራኤል ነኝ። የቆዩ ህንፃዎች ስር ሚክላት የሚባል የጋራ መጠለያ አለ፣ አዲሶቹ ህንፃዎች ግን ከባህረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በየቤቱ የራሳቸው ክፍል ይሰራላቸዋል። የኛ ህንፃ አሮጌ ነው፣ ሚክላቱን ሰው የተሰበረ ሶፋና ብስክሌት መጣያ አድርጎት ነበር። በሰኔ 2017 ኢራን ሚሳይል ስትተኩስ ሌሊት ሌሊት እየወረድን ያን ሶፋ ስናወጣ ነበር፣ ልጆች ይዘን። ከዚያ በኋላ ቫአድ ባይት፣ የህንፃው ኮሚቴ ማለት ነው፣ ልጆች እንዲያጠኑበትና የኛ አሮጊቶች እንዲቀመጡበት ፈቀደ፣ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ተጣጥፎ ግድግዳ ላይ የሚቆም መሆን አለበት አለ። አባታችን ለቅሶ ያሉትን ሳነብ ይሄ ትዝ አለኝ። የማይነሳ ነገር እዚያ አዳራሽ አታስገቡ፣ ብሎን የሚመታ ዴስክ አትስሩ። ዝግ ቦታ መጋዘን ነው የሚሆነው፣ ሰው የሚገባበት ቦታ ግን ንፁህ ሆኖ ይቆያል።

እንጀራ ጋጋሪዋ
በሌላ ሰው ስልክ ነው የምገባው፣ እዚሁ ሳይት ያለሁ ነኝ፣ ይሄን አሳዩኝና ልናገር። ታች ኮሙናል ውስጥ በሳምንት ሶስት ቀን የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ለሁለት ምግብ ቤትና ለሰፈሩ ሰው እሸጣለሁ። ሁለት ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለሽው እህቴ ከቤት የሚሰራ ሰባት ሰው አውቃለሁ ብለሻል። እኔን ቆጠርሽኝ? ታች ጭሱና ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብሲት ስጥል ሽታ አለው፣ በርበሬ ሲደለዝ ያስነጥሳል። ነገ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይሄ ሽታ ረበሸን ካሉ ኮሚቴው የሚሰማው ኮምፒውተር የያዘውን ነው፣ እኔን አይሰማም። ስሞታ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
አልቆጠርኩሽም። ከትናንት ጀምሮ ይሄን እያሰብኩ ነው። እንጀራሽን በሳምንት ሁለቴ የምበላ ሰው ነኝ፣ ሥራ ብዬ ስፅፍ ግን የታየኝ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ብሎካችን ውስጥ ልብስ የምትሰፋውንም ከሰባቱ ሳላስገባ ትቻታለሁ፣ አሁን ነው ያየሁት። ዛሬ ማታ ታች መጥቼ አናግርሻለሁ፣ ወረቀቱን አብረን እንፃፈው። ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ ነን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።

ፀሐፊ የነበርኩ
ይሄ ጉባኤው ላይ ትልቅ ነገር ነው። ዘጠኝ ቤተሰብ ከኮሙናሉ እንጀራ ይበላል ብለሽ ስትናገሪና ወጣቶች ቢሮ ፈለጉ ብለሽ ስትናገሪ አንድ አይደለም።

ሞክረን የተውን
ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም ግን የኛን ልንገራችሁ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ወደ ቤት ሲልኩ እኛ ኮሙናሉን ከፈትን፣ ተራርቀን እየተቀመጥን። ለአራት ወር ሰራ። ከዚያ ምን ሆነ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነበር፣ እሱ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሁሉም በር ላይ ይቆማል። ፅዳት የማንም ስላልነበር የማንም ሆኖ ቀረ። ከዚያ ማታ ማታ ኳስ ማሳየት ተጀመረ፣ ሃያ ሃያ ብር እያስከፈሉ፣ ጠዋት ስንመጣ የለውዝ ቅርፊትና ሲጋራ ነው። ሴቶቹ መምጣት አቆሙ፣ እኛም ተውነው። በመጨረሻ ራውተሩ ተሰረቀ።

ደግሜ ብጀምረው ቁልፍ ሶስት ሰው ጋ አደርጋለሁ፣ አንዷ የግድ ታች የምትጋግር ሴት፣ ምክንያቱም ሁሌ የምትገኘው እሷ ናት። ራውተሩን በብረት ሳጥን ግድግዳ ላይ። ፅዳትን በተራ አላደርግም፣ ከተጠቃሚው ወር ወር ሰብስቤ የግቢዋን ፅዳት እህት በደንብ እከፍላታለሁ። ኳስን አልከለክልም፣ ወጣቱም ነዋሪ ነው፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ሲጋራ። ድምፁን በተመለከተ ደግሞ ባዶ ሲሚንቶ ክፍል ያስተጋባል፣ ሁለት ሰው ስልክ ካወራ ገበያ ነው። ወፍራም መጋረጃና ያገለገለ ምንጣፍ ብቻ አንጥፉ ለውጡን ታዩታላችሁ። ስብሰባ ያለበት ሰው የሚገባባት አንድ ጥግ በኮምፔርሳቶ ከልሉ።

ኤሌክትሪሻኑ
ኢንተርኔቱንም አስቡበት። ቪዲዮ ስብሰባ አንዱ ሰው ሁለት ሶስት ሜጋ ይወስዳል። 10 ሜጋ አስገብታችሁ ስድስት ሰው ካሜራ ከከፈተ ለሁላችሁም አይሰራም። ወይ ከፍ ያለውን ተካፍላችሁ አስገቡ፣ ወይ ካሜራ መዝጋት ልማድ አድርጉት።

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
የጉባኤውን ውጤት ላሳውቃችሁ። ዛሬ ነበር፣ አራት ሰዓት ፈጀ፣ ምልዓተ ጉባኤው ራሱ የሞላው ግማሹ ሰው ከቤቱ እየተጠራ ነው።

መጋዘኑ አልቀረም፣ ግን ታግዷል። የነጋዴው ብር ለፓምፑ ያስፈልጋል የሚሉ ብዙ ነበሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ ባለፈው ወር ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እንኳ ሮቶው ሳይሞላ ነው የሚሄደው። ሶስት ወር ሙከራ ተሰጠን። ተጠቃሚው ወር ወር ይከፍላል፣ ገንዘቡ በማህበሩ ደረሰኝ ይገባል፣ ሶስት ወር ሲሞላ ገቢና ወጪ ለጉባኤ ይቀርባል፣ ሂሳቡን እኔ ነኝ የምይዘው። ተከራይ ይጠቀማል፣ በቃለ ጉባኤ ነዋሪ ተብሎ ተፅፏል። ለቅሶ አንቀፅ አንድ ነው። ሁለተኛው አንቀፅ፣ ታች የሚጋገርበትና በርበሬ የሚደለዝበት ቀን ላይ ያለ ሰው ስሞታ ማቅረብ አይችልም፣ ይልቁንም ላይኛው ቡድን ለመጋገሪያው የጭስ ማውጫ ቱቦ መጀመሪያ ባገኘው ብር ያሰራል። ይሄን ያቀረበችው ራሷ እህታችን ናት፣ ቆማ ስትናገር አዳራሹ ፀጥ አለ። ከቁልፉ አንዱ እሷ ጋ ነው።

ማታው አልተፈቀደም፣ የማታ ሠራተኛ ወንድሜ አዝናለሁ፣ ጥበቃው ተስማምቶ ነበር ግን ከአጠገቡ ያሉት ቤቶች ድምፅ ፈሩ። ምንጣፍ ከገባ በኋላ እንደገና አነሳዋለሁ። 12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግን እስከ ማታ 3 ሰዓት ተፈቅዶላቸዋል፣ እናቶች ናቸው የተከራከሩት። ቡናው በየቀኑ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል፣ ብሎክ በብሎክ በተራ፣ ሰኞ የኛ ነው።

ቅዳሜ የመብራቱ መስመር ይሳባል። ጠረጴዛ ስድስት የሚታጠፍ አግኝተናል። ወንበር ነው የቀረን፣ የሚያበድር ወይ በቅናሽ የሚሸጥ ካለ።

የብሎክ 9 አባት
ልጄ ነው የሚፅፈው። ወንበር አትግዙ። የእድሩ ስልሳ ወንበር ታች ዕቃ ቤት ተቆልሎ አለ፣ የሰው መቀመጫ ነው አቧራ ነው የሚጠጣው። ቅዳሜ ከቤተክርስቲያን መልስ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ጎረምሳ ይዘሽ ነይ፣ ቁልፉን እኔ ነኝ የያዝኩት። አስራ ሁለቱን ውሰዱ፣ እግሩ የላላውን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።